እናቴ ወንዝ ዳር የሳቀችበት ቀን

እናቴ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ እረፍት ወጥታለች። እሱም ቴፒ፣ እኔ ዘንድ፣ ለዘጠኝ ቀን። ያኔ ቴፒ አስተምር ነበር። ትምህርት ቤት ለመንፈቅ ዓመት እረፍት ሲዘጋ ጌጫ፣ ቤቷ ድረስ ሄጄ፣ እየጎተትኩ አመጣኋት ማለት ይቻላል። “ላሚቱን ማን ያልባታል?” እያለች ሁለት ቀን ሙሉ ተከራክራኛለች። የጌጫን ብርድ ለምዳ የኖረች ሴት በመጀመሪያው ቀን ጋቢዋን፣ በሁለተኛው ሹራቧን አወለቀች። በአራተኛው ቀን በረንዳ ላይ ተጋድማ ፓፓያ እየበላች፣ “እዚህ አገር ሰው ለምን ይሠራል?” ትለኝ ጀመር።

የመጨረሻዋን ቀን ለብቻዋ አስቀምጬላት ነበር። ምንም ላንሠራ፤ ወንዝ ወርደን፣ እግራችንን ውኃ ውስጥ ነክረን አናናስ ልንበላ። ረፋድ ላይ አናናሱን ስልጥ ስልኬ ጠራ። ከጌጫ ታላቅ ወንድሜ ነበር።

“እማዬ አጠገብሽ ናት?”

“ጓሮ ናት።”

“አጎታችን ሌሊት ሞተ። እንዳትነግሪያት። ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በመጀመሪያው መኪና ይዘሻት ነይ፤ እዚህ ሽማግሌዎቹ ይነግሯታል።”

አጎታችን የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። አባታቸው በልጅነቷ ስለሞተ ያሳደጋትም የዳራትም እሱ ነው። ቢላዋውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የጌጫ መኪና በጠዋት ሄዷል፤ እስከ ነገ ሌላ የለም።

የእኛ ሰው መርዶ እንደተገኘ አይነግርም። ማልዶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛዋን የሚይዝ ሰው በግራና በቀኝ ቆሞ፣ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገረው። ዘመድ በሌለበት ከተማ ብነግራት ብቻዬን እንዴት አድርጌ ልይዛት ነው? ማን አብሯት ያለቅሳል? ወግ ነውና ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ዝም ማለት አይሆንልኝም። ተማሪዎቼ እንኳ ፈተናው ከባድ መሆኑን ገና ሳላድለው ፊቴን አይተው ነበር የሚያውቁት።

“ራሴን አሞኛል፣ ወንዙ ይቅርብን” አልኳት።

“ውኃው ይሻልሻል” ብላ ነጠላዋን አነሳች።

ወንዙ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች። የእናቴን ጉልበት ያየሁት ያን ቀን ነው። ትንንሽ ዓሣዎች መጥተው የእግሯን ጣቶች መነካካት ሲጀምሩ ሳቀች። እናቴ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ ያን ቀን አልሸፈነችም። እየሳቀች እግሯን ታወጣለች፣ መልሳ ትከታለች።

“ወንድሜ ይህን ቢያይ!” አለች። “ልጅ ሆነን ወንዝ የሚያሻግረኝ አዝሎ ነበር። እስከ ዛሬ ውኃ ፈሪ እያለ ያሾፍብኛል። ነገ እነግረዋለሁ። አንቺ ደግሞ በስልክ እንዳትቀድሚኝ። እኔ ራሴ ነኝ የምነግረው።”

“እሺ” አልኩ።

ልነግራት ነበር። እውነቴን ነው፤ ወጉም ሽማግሌዎቹም ይቅሩ አልኩ በሆዴ። ሁለት ጊዜ “እማዬ” ብዬ ጀምሬ ስለ አናናሱ አወራሁ። ሦስተኛ ጊዜ አፌን ስከፍት አናናስ አጎረሰችኝ። “ብዪ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም፤ ስሄድብሽ ከፍቶሽ ነው አይደል?” አለችኝ። አኘክሁት፣ ዋጥኩት። እንደዚያ ቀን አቅም ያጣሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። አጽናኟም እሷ ሆነች፤ እኔን፣ ስለ ነገው መለያየታችን።

ስንመለስ ገበያ ገባን። ሙዝ ስትመርጥ ሻጯን ሴትዮ አሰለቸቻት። ጠንከር ያለውን ትተዋለች፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን ታነሳለች። “ለወንድሜ ነው፤ ጥርስ የለውም” አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ “እስከ ነገ ይቆያል?” ብላ ጠየቀችኝ። ይቆያል አልኳት። ሙዙን እኔ ተሸክሜ ከኋላዋ ተከተልኩ። ራሴን ጠላሁት።

በማግስቱ “አድርሼሽ እመለሳለሁ” ብዬ አብሬያት ተሳፈርኩ። መኪና ውስጥ ሙዙን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር በሁለት እጇ ደገፍ ታደርገው ነበር። ጌጫ ስንወርድ ወንድሜና አራት ሽማግሌዎች ቆመው ጠበቁን። ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ጎረቤት ቤት ሲወስዷት መንገድ ላይ ቆመች። አንድ በአንድ አየቻቸው። ሙዙን አቀበለችኝና ብቻዋን ቀድማ ገባች።

ቀብሩ ላይ ደርሳለች። ያ እንኳ አላመለጣትም፤ ሰውም “ደግ አደረግሽ፣ በወጉ አመጣሻት” አለኝ። እኔም እንደዚያ ለማመን ሞክሬያለሁ።

ከአርባው በኋላ አንድ ቀን ጎመን እየቀነጠሰች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

“ወንዙ ዳር ታውቂ ነበር?”

“አዎ።”

“ስስቅ ዝም ብለሽ አየሽኝ።”

ቁጣ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ጎመኑን መቀንጠስ ቀጠለች፤ ያንን ነገር ዳግመኛ አላነሳችውም። ቴፒ ግን ተመልሳ አልመጣችም። ዛሬም እኔ ባለሁበት የሚያስቅ ነገር ሲገጥማት ትጀምርና፣ መሃል ላይ ቆም ብላ ፊቴን ታያለች።