ጨዋታ አታውቅም

ከቲቸር ጋር ስለ አሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች መከራከር ከጀመርን አራት ዓመት አለፈን። ቲቸር የምላቸው ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ ስፖርት ያስተማሩኝ፣ ዛሬ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የእኔም ፀጉር ሸብቷል፤ ሆኖም እሳቸውን በሌላ ስም መጥራት አልችልም፤ እሳቸውም እኔን «አንተ ልጅ» ከማለት አልወጡም።

የምንከራከረው በተለይ ስለ ፖይንት ጋርዶች ነው። ፖይንት ጋርድ ኳሷን እያነጠረ ወደ ፊት የሚያወጣው፣ ማን የት እንደሚቆም የሚወስነው፣ ለሌሎቹ የሚያቀብለው ሰው ነው። በየዓመቱ የአሜሪካ ክለቦች ከኮሌጅ ልጆች መካከል ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ምርጫውን ድራፍት ይሉታል። የምንኖርባት አሰላ የቢራ ብቅል የሚመረትባት ከተማ ስለሆነች ቃሉ እዚህ ሌላ ነገር ያስታውሳል። አንድ ቀን ቲቸር ሻይ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ እየመቱ «ይሄ ልጅ ድራፍት ላይ ከአምስተኛ አይወርድም!» ሲሉ አስተናጋጇ ቀረብ ብላ «አባባ፣ ድራፍት የለንም፤ ያለው ጠርሙስ ነው» አለቻቸው። ቲቸር በሕይወታቸው ቢራ ቀምሰው አያውቁም።

የቲቸር አቋም ግልጽ ነው። «ፖይንት ጋርድ ማለት አፍ ነው» ይላሉ። ግራ ያለውን ግራ፣ ቀኝ ያለውን ቀኝ ማለት አለበት፤ ከኋላ የሚመጣውን ተከላካይ ለጓደኛው መጮህ አለበት፤ ካልጮኸ እግሩም እጁም ዋጋ የለውም። እኔ ደግሞ ከዕድሜዬ ግማሹን ስብሰባ ላይ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ብዙ የሚናገር ሰው ሲመራ አላየሁም። የሚናገረው ሲናገር፣ ጥግ ላይ ዝም ያለው ነው ነገሩን የሚጨርሰው። ስለዚህ ስልኬ ላይ ከምናያቸው የኮሌጅ ልጆች ሁልጊዜ የምመርጠው ዝምተኛውን ነው። ቲቸር ይህን እውቀት አይሉትም፤ «ሰው ነጭ ካለ ጥቁር የማለት በሽታህ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ በሽታው ግን ብዙ ጊዜ ትክክል ያደርገኛል።

ባሕር ማዶ ስላሉ ልጆች ስንከራከር ማንም አይጎዳም። እኛ ዝቅ ብናደርጋቸውም ከፍ ብናደርጋቸውም አይሰሙንም። ክርክሩ አሰላ ሲገባ ግን ሌላ ሆነ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የከተማችን ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ባለው የሲሚንቶ ሜዳ የሴቶቹን ቅርጫት ኳስ ቡድን ልምምድ እናያለን። ቡድኑ ሁለት ፖይንት ጋርዶች ነበሩት። አንዷ የኢተያ ልጅ ናት፤ አባቷ እህል ነጋዴ ነው፤ ድምፅዋን ከእሱ የወረሰች ይመስለኛል፤ ስትጠራ በር ላይ የቆመው የጋሪ ፈረስ ጆሮውን ያቆማል። ሁለተኛዋ የሲሬ ልጅ ናት፤ ሰብል ሳይንስ የምታጠና፣ ሜዳ ላይ ከሁለት ቃል በላይ ስትናገር ሰምቼ የማላውቅ። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ እዚያ ሜዳ ላይ ኳሷን አየር ላይ ይገፋታል። የኢተያዋ ነፋሱን ትሳደባለች። የሲሬዋ ረጅም ኳስ ከማቀበሏ በፊት ከአጥሩ ወዲያ ያሉትን የባሕር ዛፎች ጫፍ ትመለከታለች፤ ከዚያ ኳሷን ጓደኛዋ ወደሌለችበት ቦታ ትልካለች፤ ጓደኛዋም ኳሷም እዚያ ይገናኛሉ።

«አየኋት» ይላሉ ቲቸር። «እጇ ጥሩ ነው። አፍ ስጣትና እወስዳታለሁ።»

«አፍ ብሰጣት ዓይኗን ታጣዋለች» እላለሁ።

ሁለቱም የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ። የኢተያዋን ልጅ ክለብ ባይወስዳትም የአባቷ ሱቅ አለላት። የሲሬዋ ግን ከተመረቀች በኋላ የሚጠብቃት ቤት ተቀምጦ የሥራ ማስታወቂያ ማንበብ ነው፤ በሰፈሯ ደግሞ ቅርጫት የተሰቀለበት ግድግዳ እንኳ እንደሌለ አንድ ጊዜ ለቲቸር ነግራቸዋለች። ስለዚህ አዳማ ያለ አንድ ክለብ ፖይንት ጋርድ እየፈለገ ነው፣ ተጫዋች የምትመለምል ሴትም ልትመጣ ነው ሲባል፣ ዕድሉ የትኛዋን ይበልጥ እንደሚያስፈልጋት ማናችንንም አልጠፋንም።

መልማይዋ የመጣችው አርፍዳ ነው። ስትደርስ የሲሬዋ ያለችበት ወገን ተራውን ጨርሶ ተቀምጧል፤ ሜዳ ላይ ያለችው የኢተያዋ ናት፤ ያውም በሙሉ ድምፅዋ። መልማይዋ በፊት ራሷ ተጫዋች የነበረች፣ አሁን ደብተር ይዛ የምትዞር ረጅም ሴት ናት። ከእኛ አጠገብ ተቀምጣ ትንሽ ጻፈች፤ ቲቸር ስለ ኢተያዋ የሚሉትን ሰማች፤ ከዚያ በእስክሪብቶዋ ወደ ተቀመጡት እያመለከተች «ያቺኛዋስ?» አለችኝ።

«እሷ?» አልኩ። «እሷ እንኳ ጨዋታ አታውቅም።»

ይህ የአረፍተ ነገሬ መጀመሪያ ነበር። የቀረው «ወሬ የለ፣ ቀልድ የለ፣ ሥራዋን ብቻ ነው፤ ስለዚህ መወሰድ ያለባት እሷ ናት» የሚል ነው። ስጽፍም እንዲሁ ነኝ፤ መጀመሪያ ነቀፋ የሚመስል ነገር አስቀምጣለሁ፣ አንባቢው ሲደነግጥ እገለብጠዋለሁ። አንባቢ መሃል ላይ ስልክ ቢደወልለት ገጹ ይጠብቀዋል። መልማይዋ ግን ስልኳ ጮኸ፤ አንድ ነገር ጻፈችና እያወራች ወደ በሩ ሄደች፤ መኪናዋ ተነስቶ ሄደ። እኔም ሐሳቤ ግማሽ ላይ እንደተቆረጠ ልብ አላልኩም። እንዲያውም ጥሩ አድርጌ የመሰከርኩላት መስሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ማክሰኞ ሻይ ቤት ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ የሲሬዋ ልጅ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ፤ ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም። «ጨዋታ አታውቅም ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«ማን አለሽ?»

«አሰልጣኛችን። የኢተያዋን ለሙከራ ጠሯት። እኔን ለምን እንደተወችኝ መልማይዋን ሲጠይቃት፣ እዚያ የነበሩት ሰውዬ ጨዋታ አታውቅም ብለውኛል አለችው።» ቀጥላም «የት ሳጠፋ አይተው ነው?» አለችኝ።

በዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስለ ወሬ የተናገርኩትን ሴትዮዋ ስለ ኳስ ጽፋዋለች። ለማስረዳት ሞከርኩ፦ ጨዋታ ማለቴ ማውራት፣ መቀለድ ነው፤ ማሞገሴ ነበር፤ አልጨረስኩም እንጂ።

ሰማችኝ። «እኛ ጋ ተጳ ሌላ ነው፣ ሃሰዋ ሌላ ነው» አለች፤ የመጀመሪያው በኦሮምኛ ኳሱን መጫወት፣ ሁለተኛው ማውራት ነው። «አማርኛ ለምን አንድ አደረገው?»

አማርኛን ወክዬ ይቅርታ የምጠይቅበት ሥልጣን የለኝም። በራሴ ስም ግን ጠየቅኳት።

«ይቅርታው ይቆይ፣ ጋሼ» አለች። «ይደውሉላት።»

ይህን ብላ ወጣች። ቲቸር ሲመጡ ነገሩን ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቁም።

«ልጅቷን በላሃት» አሉ።

«ልደውል ነው፣ ቲቸር።»

«አንተ? አንተ ስትደውል ስለ ቋንቋ ታሪክ ትጀምራለህ፣ እሷም ትዘጋዋለች። ስልኩን ወዲህ በል።»

የመልማይዋን ቁጥር ከአሰልጣኙ ተቀብለን ቲቸር ደወሉ፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት። «የኔ ልጅ፣ ቅዳሜ አጠገብሽ የተቀመጥኩት ሽማግሌ ነኝ። ያ ጓደኛዬ የተናገረውን ሰርዢው። ወሬ አታበዛም ማለቱ ነው። ኳስማ ታውቃለች።»

«ታዲያ እንደዚያ አይሉም ነበር?» አለች መልማይዋ።

«እሱ ቀጥ አድርጎ መናገር የሚባል ነገር አልተማረም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስፖርት እንጂ ቋንቋ አላስተማርኩትም።»

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ሰብሰብ አድርጋ እኔ የፈራሁትን ጥያቄ አመጣች። «እሺ፣ ወሬ አታበዛም። ሜዳ ላይስ ትናገራለች? የማትናገር ፖይንት ጋርድ ምን ታደርግልኛለች?»

ቲቸር አዩኝ። አራት ዓመት ሙሉ እኔን ሲሞግቱበት የኖሩት አቋም ከስልኩ ውስጥ እየተናገረ ነበር፤ «አዎን፣ ልክ ነሽ» ቢሉ አሸናፊ ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠራርገው «እኔ እንዳንቺ ነው የማስበው» አሉ። «እንዲያም ሆኖ አንቺን ብሆን ይህችን ልጅ ሜዳ ላይ ሳላያት ሰው አልመርጥም። አንቺ ደግሞ አላየሻትም።»

መልማይዋ ትንሽ አሰበች። «ቅዳሜ ከኢተያዋ ጋር ትምጣ» አለች። «አንድ ጨዋታ ነው የምሰጣት። ዝም ካለች ግን ትመለሳለች።»

ስልኩ ሲዘጋ ማመስገን ፈለግሁ። ቲቸር እጃቸውን አወናጨፉብኝ። «ላንተ ብዬ አይደለም» አሉ።

ቅዳሜ አራታችንም በሚኒባስ አዳማ ወረድን። ሹራባችንን አውልቀን ክንዳችን ላይ ጣልን፤ የአዳማ ሙቀት ለአሰላ ሰው ሁልጊዜ ስድብ ይመስለዋል። ሜዳው ዙሪያው በግንብ የታጠረ ስለነበር ነፋስ የለም፤ የሲሬዋ ወዲያና ወዲህ አይታ የምታየው የዛፍ ጫፍ ስታጣ አየኋት።

መልማይዋ ከአራት የማታውቃቸው ልጆች ጋር አሰለፈቻት። መጀመሪያ ላይ ዝም አለች፤ እጇ ግን ሠራ። ሁለት ጊዜ ማንም ያላየውን ክፍተት አይታ አቀበለች፤ አንደኛዋ ልጅ ኳሷ እጇ ላይ ስትገኝ ደንግጣ ሳቀች። በክርኔ ቲቸርን ነካ አደረግኳቸው። ቲቸር ወደ ሜዳው በአገጫቸው ጠቆሙ። በዚያው ቅጽበት ከተቃራኒ ቡድን አንዷ ሳትታይ ከጎን መጥታ ቆመች፤ የሲሬዋ የቡድን ጓደኛ ወደ ኋላ ዞራ ስትሮጥ በደረቷ ተላትማት ወደቀች። የሲሬዋ ተከላካይዋ ስትመጣ አይታታለች፤ አልተናገረችም።

መልማይዋ ፊሽካ ነፋች። «አይተሻታል?»

«አይቻታለሁ።»

«ለምን አልነገርሻትም? ሰው ይሰበራል እኮ! ተናገሪ!»

የወደቀችው ልጅ ክርኗን እያሻሸች ተነሳች። የሲሬዋ ክርኑን አየችው። በዚያች ደቂቃ የእኔ ንድፈ ሐሳብ ምንም ሊረዳት እንደማይችል አመንኩ፤ ጥግ ላይ ዝም ብሎ ነገሩን የሚጨርሰው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ማንንም ደረቱን አያስመታም።

ጨዋታው ቀጠለ። ያችው ተከላካይ እንደገና ከጎን መጣች። «ቢታ!» የሚል ድምፅ ግንቡን መትቶ ተመለሰ። በኦሮምኛ ግራ ማለት ነው። ከአራቱ ሁለቱ፣ የአዳማ ልጆች፣ ወደ ግራ ሮጡ፤ ከአዲስ አበባ የመጣችው ሦስተኛዋ መሃል ላይ ቆማ «ምን አለች?» አለች። ሜዳው በሙሉ ሳቀ። የሲሬዋ አልሳቀችም፤ እያነጠረች «ግራ ነው ያልኩሽ! ሂጂ!» አለቻት። ልጅቷ ሄደች፤ ኳሷም ተከተለቻት፤ ገባ።

ከዚያ በኋላ አላቆመችም። በሁለቱም ቋንቋ፣ አንዳንዴም በአንድ ትንፋሽ ግማሹን በዚህ ግማሹን በዚያ፣ አራቱን ልጆች ስትነዳቸው ዋለች።

መልማይዋ ወደ እኛ መጣች። «ዝምተኛ አላላችሁኝም?»

ቲቸር «እሱ ነው ያለው» ብለው ወደኔ ጠቆሙ።

ሁለቱንም ወሰደቻቸው። የሲሬዋን ለመጀመሪያው ዓመት በተጠባባቂነት፣ መኝታና ምግብ በክለቡ ወጪ። የሰኞውን የምዝገባ ሰዓት ነገረቻት፤ ልጅቷ «እሺ» ብላ ስልኳ ላይ ጻፈችው።

ሚኒባሱ ከአዳማ እንደወጣ ቲቸር ጀመሩ። «እንግዲህ በአፏ ነው የተመረጠችው።»

«በእጇ ነው፣ ቲቸር። አፏ ባይኖር እጇ ይበቃት ነበር።»

«አንተ ልጅ፣ አንዴ እንኳ መሸነፍህን ሳታምን ልትሞት ነው?»

የኢተያዋ ልጅ ከኋላ ወንበር ዘንበል ብላ ገባችብን። «ጋሼ፣ ዝምተኛ የሚሏት እሷን ነው? ዶርም ውስጥ እኮ ወሬዋ አያስጠናንም! በአማርኛ ሲሆን ነው የምትቆጠበው፤ እንዳልሳሳት ትላለች።»

የኮሌጁ ሜዳ ላይ ከየቦታው የተሰባሰቡ ልጆች የሚግባቡት በአማርኛ ነው፤ እኔም እሷን የሰማኋት እዚያ ብቻ ነው። በአራት ዓመት ክርክር፣ ዝምታዋ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ይህን ለቲቸር አልነገርኳቸውም፤ የሚያውቁት ይበቃቸዋል።

ኢተያ ላይ ጓደኛዋ ወረደች። የሲሬዋ ወዲያው ስልኳን አውጥታ እናቷ ጋ ደወለች። የኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ግማሹን ያዝኩ። ጨዋታውን ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት፦ ማን የት እንደቆመች፣ ማን እንደወደቀች፣ የአዲስ አበባዋ ልጅ እንዴት መሃል ላይ እንደተገተረች፤ የልጅቷን ድምፅ እያስመሰለች፣ እየሳቀች፣ አንዳንዴ ከሌላው ተሳፋሪ ጋር እኩል እያሳቀችኝ። መሃል ላይ «ሽማግሌ» የሚል ነገር ሰማሁ፤ እናትየዋ ከወዲያ ጮክ ብላ ሳቀች፤ ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ቲቸር ጭንቅላታቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው አንቀላፍተዋል። የስንዴው ማሳ በሁለቱም በኩል ይሮጣል። አሰላ እስክንገባ ወሬዋን አልጨረሰችም።