የያቤሎ ስምንተኛ ቆዳ

ጋሽ ሳህሌን የአቃቂ ሰው የሚያውቃቸው ውኃ በማጠጣት ነው። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ በድሮው ግቢያችን አጥር ሥር አምስት የቲማቲም ጣሳ ደርድረው ለውሻው፣ ለድመቱ፣ ለወፉ በየማለዳው ይሞላሉ። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰሞን እንኳ ከጄሪካናቸው እየቀነሱ ይሞላሉ። "የጽድቅ ሰው!" ይላቸዋል መንገደኛው ሁሉ። እኔ ግን ጣሳዎቹን ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ያንን ውኃ ያስጀመራቸው የእኔ ውሸት ነው።

ጋሽ ሳህሌ ሃያ ስድስት ዓመት የኤንትሬ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ አብዛኛውን በሞያሌ መስመር። በመጨረሻው ጉዟቸው ያቤሎ አጠገብ ጎማ ሲፈነዳባቸው፣ መኪናው እንዳይንሸራተት ለታኮ የሚሆን ድንጋይ ከመሬት ቢያነሱ፣ ከሥሩ የሕፃን መዳፍ የምታክል ጸጉራም ሸረሪት ተቀምጣለች። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ድንጋይ ይጨፈልቃት ነበር። እሳቸው በዱቄት ወተት ጣሳ ይዘዋት መጡ። ለምን ሲባሉ፣ "ቤቷን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ የት ትግባ?" ነው መልሳቸው። ስሟንም ያቤሎ አሏት።

ሚስት የለ፣ ልጅ የለ፤ ጡረታቸውን ከእሷ ጋር ጀመሩት። ባለሱቁ ሀይረዲን ብስኩት ይደረድርበት የነበረውን የመስታወት ሳጥን ሰጣቸው፤ አሸዋ አለበሱት፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫኑ። ምግቧ በረሮ ነበር። "በረሮ ስታገኙ በፍሊት እንዳትገድሉብኝ፤ በነፍሱ ነው የምፈልገው" እያሉ በየቤቱ ይዞሩ ጀመር። የግቢው ሰው መጀመሪያ ሳቀባቸው፣ በኋላ ለመደ። እኔም ለምጄ ነበር። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚወዱት ያቤሎ ቆዳዋን ስትቀይር ማየት ነበር። በዓመት አንዴ ምግብ ትተዋለች፣ ቀለሟ ይደበዝዛል፤ ከዚያ አሸዋው ላይ ነጭ ድር አንጥፋ በጀርባዋ ትንጋለላለች። በመጀመሪያው ዓመት ሞተች ብለው ጉድጓድ ቆፍረውላት ነበር አሉ። ሊቀብሯት ሲመለሱ አንድ እግሯን ነቅነቅ አደረገች። በ1996 ዓ.ም. እኔንና ልጄን እድላዊትን ጠርተው አሳዩን። አልጋቸው ላይ ተደርድረን፣ ማሳል ተከልክለን፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ አየን። ጎኗ ላይ ቆዳው ተሰነጠቀ፤ ከዚያ እግሮቿን ዝናብ ያበሰበሰውን ሱሪ እንደሚያወልቅ ልጅ ጥቂት በጥቂት እየሳበች አወጣች።

"ያማታል?" አለች እድላዊት። አምስት ዓመቷ ነበር።

"ኧረ! ይጠባታል እንጂ" አሉ ጋሽ ሳህሌ በሹክሹክታ። "አሁን ግን ከነካናት አለቀላት። ለስላሳ ናት፤ መሸሽ አትችል፣ መንከስ አትችል። ዛሬ ያቤሎ በሰው እጅ ናት።"

የወለቀው ቆዳ ራሷን ሸረሪቷን ይመስላል፤ ጥርሱ እንኳ አልጎደለም። በየዓመቱ ካርቶን ላይ እየለጠፉ ቀኑን ይጽፉበታል። የዚያን ቀኑ ሰባተኛው ነበር።

በተከተለው ዓመት መስከረም ላይ ሻሸመኔ ያሉት ወንድማቸው አረፉ። ለለቅሶ ሲሄዱ ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። "ምግብ ካቆመች ወር አልፏታል፤ ልትቀይር ነው። በዚህች የቫዝሊን ክዳን ውኃዋን በየማለዳው ሙዪልኝ፣ ብዙዬ። ውኃ ካጣች ቆዳው ይጣበቅባትና እዚያው ውስጥ ትቀራለች።" ሞላሁ። እግዜር ያውቃል፣ አንድም ቀን አልዘለልኩም።

በአራተኛው ቀን እድላዊት ጉንጯ ተቃጥሎ ተነሳች። ከጆሮዋ እስከ አገጯ ቀይ መስመር ወጥቶባት ላዩ ውኃ ቋጥሯል። ያየ ሁሉ ያለው አንድ ነገር ነው፤ "ሸረሪት ሸንታባት ነው!" ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ያደግን ነገር ነው፤ ፊት ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር ከወጣ ከሸረሪት ሽንት ሌላ ምክንያት ማን ያስባል? የያቤሎ ሳጥን ክዳን ላይ ድንጋይ እንዳለና መውጣት እንደማትችል እንኳ ትዝ አላለኝም። ቁልፉን ይዤ ጋሽ ሳህሌ ቤት ገባሁ።

ያቤሎ በጀርባዋ ተንጋላለች። ከቆዳዋ እየወጣች ነበር። እውነቱን ልናገር፤ በእግሯ ቆማ ባገኛት ኖሮ ፈርቼ በሩን በላይዋ ዘግቼ እሮጥ ነበር። ያደፋፈረኝ መተኛቷ ነው። "ዛሬ በሰው እጅ ናት" ያሉት ትዝ እያለኝ ነው በጭልፋ ያወጣኋት። ደጅ ሲሚንቶው ላይ ጥዬ በኮንጎ ጫማዬ ረገጥኳት። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ከነቆዳዋ ጠርጌ ሽንት ቤት ጨመርኳት።

በማግስቱ ጠዋት እድላዊትን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ጉንጯን አየት አድርጋ፣ "ክረምት ሲወጣ መብራት ላይ የምትመጣ ቀይና ጥቁር ትንሽዬ ነፍሳት አለች። በእንቅልፏ ፊቷ ላይ ስትጨፈልቃት ፈሳሿ አቃጥሏት ነው፤ ሰሞኑን አሥራ ምናምን ልጅ አይቻለሁ" አለች።

"ሸረሪት አይደለችም?"

"ሸረሪት ደግሞ ምን አደረገች?" አለችና ቅባት ሰጠችን።

ጋሽ ሳህሌ የዚያኑ ዕለት እኩለ ቀን ላይ ተመለሱ። ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ወደ ሳጥኑ ሄዱ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ "በጀርባዋ እንደተኛች ቀረች። ጉንዳን ሲወርራት ጊዜ ጣልኳት" አልኩ።

"ውኃ ነበራት?"

"ነበራት።"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ።"

ከተናገርኩት ሁሉ እውነት የነበረችው ያቺ የውኃዋ መልስ ብቻ ናት። እሷንም መሬት መሬት እያየሁ ስለተናገርኳት አላመኑኝም። ቢሆንም አልተቆጡኝም። "አንቺ ምን አጠፋሽ፤ አደራ የጣልኩብሽ እኔ ነኝ። በዚህ ሰዓት ትቻት መሄድ አልነበረብኝም፤ ቢያንስ አሸዋውን አርጥቤላት መሄድ ነበረብኝ" አሉ። ካርቶኑን ከግድግዳው አወረዱና ለስምንተኛው ቆዳ በተዉት ባዶ ቦታ ላይ፣ "በውኃ እጥረት ሞተች። ጥፋቱ የእኔ። ሳህሌ።" ብለው ጽፈው መልሰው ሰቀሉት።

የቲማቲም ጣሳዎቹ አጥር ሥር የተደረደሩት በዚያው ሳምንት ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ዝም አልኩ። መጀመሪያ አፍሬ ነው። ከዚያ ረስተውታል እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። በኋላማ ጭራሽ፣ ሰው ያመሰግናቸው የለ እንዴ፣ ምን ጎዳኋቸው ማለት ጀመርኩ። ለንስሐ አባቴ ልናገር ሄጄ "ሸረሪት ገደልኩ" ማለቱ አሳፍሮኝ ተመልሻለሁ። የከበደኝ ኃጢአት ግን የሸረሪቷ ብቻ አልነበረም። እድላዊት ጉንጯ በሁለት ሳምንት ድኖ፣ ምልክት እንኳ ሳይተውባት አደገች።

በ2008 ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ። ዕቃ የጫንን ዕለት ጋሽ ሳህሌ በሰባ አራት ዓመታቸው ገመዱን ለማንም አላስነካም ብለው አልጋዬን አይሱዙው ላይ ራሳቸው አሰሩ። ሲጨርሱ "በይ እንግዲህ፣ ሰላም ያግባሽ" ብለው ሊስሙኝ ጠጋ አሉ። ያንን መሳም መቀበል አቃተኝ።

"ጋሼ፣ ያቤሎን የገደልኳት እኔ ነኝ" አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጭልፋውንም፣ ጫማውንም፣ ነርሷንም።

እስኪሰድቡኝ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ገና ያልተጫነው ጥቅል ፍራሽ ላይ ተቀመጡ።

"እግሯ እስከ የት ወጥቶ ነበር?"

"እስከ ጫፉ ደርሷል። ትንሽ ነበር የቀራት።"

"አልተጣበቀባትም?"

"አልተጣበቀባትም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ውኃው በቅቷት ነበር" አሉና አለቀሱ። ቢመቱኝ በወደድኩ።

ትንሽ ቆይተው ተነስተው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ካርቶኑን ይዘው ወጡ። ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው "በውኃ እጥረት" የሚለውን ሰረዙ፣ ቀጥለው "ሳህሌ" የሚለውን ሰረዙ። "ሞተች። ጥፋቱ የእኔ።" የሚለው ብቻ ቀረ። ከዚያ እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጡኝ።

ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። እድላዊት ከጋቢናው "እማዬ፣ ነይ እንጂ!" ትላለች። ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ስሜን ጻፍኩ።