ሽምብራ የምታክል ጉርሻ

የልጄ አፍ በሁለቱም ዳር የተሰነጠቀው አዲስ ዓመት በገባ ሰሞን ነው፤ መስቀል ደጅ ላይ ቆሞ። መጀመሪያ የግራው ጥግ ቀላ፣ ቀጥሎ ነጣ፣ ከዚያ ፀሐይ እንዳገኘው ጭቃ ተሰነጠቀ። ቀኙም ሳይቆይ ተከተለው። ስታዛጋ ትጮሃለች። ስትስቅ መሀል ላይ ታቆምና እጇን አፏ ላይ ትጭናለች፤ ዓይኗ እንባ ይሞላል። ገና ትምህርት ቤት ያልገባች ልጅ ሳቋን ቆጥባ ስትስቅ ማየት እንዴት እንደሚያናድድ እናት የሆነ ያውቀዋል። ማንን እንደምቆጣ ስላላወቅኩ ያገኘሁትን ሁሉ ተቆጣሁ።

ወልቂጤ በተከራየንበት ግቢ የምንኖረው ብዙ ነን፤ በልጅ ጉዳይ ደግሞ ሁሉም ሐኪም ነው። የአከራያችን እህት አፏን አይታ «ወፍ የነካካውን ዘይቱን በልታ ነው» አለች፤ ግቢው ውስጥ የዘይቱን ዛፍ እንደሌለ እያወቀች። ቡታጅራ ያደገችው ጎረቤቴ የጥቁር አዝሙድ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ይዛ መጣችና «ቢስሚላህ በዪና ቀቢያት» አለችኝ። የሥራ ባልደረባዬ ማር አዘዘች። ሌላዋ ሬት። እናቴ ከጎጃም በስልክ ተልባ ቀቅዬ በውሃው እንዳጥባት ነገረችኝ፤ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ደግሞ ልጅቷን ቆጮ ብቻ እያበላሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ሞከርኩ። ማሩን ልጄ በምላሷ ጠራረገችው። ሬቱን ስትቀምሰው ግቢውን በጩኸት አናወጠችው። ዘይቱ ደህና ነበር፤ እሱንም ግን ላሰችው።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ያየችን ባለሙያ ልጅ እግር ናት፤ ቅባት ሰጠችን፣ ዕንቁላልና ጎመን አብያት አለችኝ፣ ከሁሉም በላይ ግን እንዳትልሰው አለችኝ። ምክሯ ትክክል እንደሆነ አልጠፋኝም። ግን ልጅን «አትላሺ» ብሎ ማስቆም የቻለ ሰው ካለ ቤቱ ድረስ ሄጄ እጅ እነሳለሁ። አትተንፍሺ ማለት ይቀላል።

እስከዚያን ጊዜ የሰው አፍ ጥግ እንዳለው ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ለካ ያቺ ምስር የማታክል ቦታ ናት ሰውን የምታስበላው፣ የምታስቀው፣ የምታዘፍነው። እሷ ስትታመም ቤቱ በሙሉ ዝም አለ። ልጄ በተኛችበት አጎንብሼ አፏን እያየሁ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ መያዙ ሲገርመኝ ሰነበተ።

ያስጨነቀኝ ግን የመስቀሉ ጉርሻ ነው። እኔ ጎጃም ተወልጄ፣ በመምህርነት ወልቂጤ ተመድቤ፣ ጉራጌ አገር ቸሃ የተዳርኩ ሰው ነኝ። በባሌ ቤት ወግ የመስቀል እርድ ቀን ማንም ቀድሞ እጁን ወደ ክትፎ አይሰድም። መጀመሪያ የባሌ አባት ይመርቃሉ፤ ከዚያ ከልጅ ልጆቻቸው ጀምረው ሁላችንንም በየተራ በእጃቸው ያጎርሱናል። የመጨረሻው ሰው ሳይጎርስ ምግብ አይጀመርም። ጉርሻቸው ደግሞ በመንደሩ የታወቀ ነው። እኔ በሙሽርነቴ ስቀበል መንጋጋዬ የወለቀ መስሎኝ ዓይኔ ፈጠጠ፤ እሳቸው ከት ብለው ሳቁ። ያን ጉርሻ መመለስ ምርቃቱን መመለስ ነው።

ዐምና ልጄ መለሰችው። ያን ሰፊ ጢምና ያን ትልቅ እጅ ስታይ አልቅሳ ቀሚሴ ውስጥ ተወሸቀች። የሽማግሌው እጅ አየር ላይ ቀረ። «ይሁን፣ ለከርሞ» አሉና ጉርሻውን ለሌላ ልጅ ሰጡ። ፈገግ ብለው ነው ያሉት፤ ባሌ ግን ወልቂጤ እስክንመለስ ድረስ ቃል አልወጣውም።

ዘንድሮ ደግሞ ሽማግሌው ደህና አልነበሩም። ከክረምቱ ጀምሮ ምግብ አስጠልቷቸዋል፤ ቀጠን ያለ የቡላ ገንፎና ወተት ነው፣ ሌላ የለም። ስልክ ሲደወልላቸው ከከብቶቹ እስከ ጎረቤቱ አንድ ባንድ ሲያወሩ የኖሩ ሰውዬ «ደህና ነኝ» ብለው ስልኩን ለባለቤታቸው ያቀብላሉ። ሳቃቸው ጠፋ። የባሌ እናት፣ እማማ ነው የምላቸው፣ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ» ይላሉ። ባሌ ሆስፒታል እንውሰድዎት ብሎ ቢለምናቸው «ጠግቤያለሁ ልጄ» አሉት። ምኑን እንደጠገቡ አልተናገሩም። እኛ ዕድሜውን መስሎን ደነገጥን። የዘንድሮው ጉርሻ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል ብለን ሁለታችንም አስበናል፤ አፍ አውጥተን ግን አልተነጋገርንበትም። ልጄ ደግሞ አፏን መክፈት አትችልም።

በእርዱ ዋዜማ ከወልቂጤ በሚኒባስ ሄድን። መኪናው ለበዓል ወደ አገሩ በሚገባ ሰው ተጨናንቋል፤ የልጄን አፍ ያየ ሁሉ መድኃኒት ያዛል። እኔ አንገቴን እየነቀነቅኩ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ። ከመኪና ወርደን በጀፎረው፣ በመንደሩ መሀል በሚያልፈው ሰፊ ሣራማ መንገድ፣ እንሰቱን ግራና ቀኝ አድርገን ስንሄድ ልጄን አለማመድኳት። «ነገ አባባ ሲያጎርሱሽ ትንሽ ብቻ ክፈቺ፣ እሺ?» አልኳት። አሰበችበት። «ትንሽ ብከፍት የአባባ እጅ አይገባም» አለችኝ። እውነቷን ነው።

እማማ ልጄን ሲስሙ ቁስሉን አዩት። አገጯን በሁለት ጣት ይዘው ፊቷን ወደ በሩ ብርሃን አዞሩ። «ይቺን ልጅ ማን ነው እንዲህ ያደረቃት?» አሉ ወደ ጣራው እያዩ፤ ማለት የፈለጉት እኔን ነው። መልስ ሳይጠብቁ ጓዳ ገቡና ማሰሮ ታቅፈው ተመለሱ። ክው አልኩ።

ያ ማሰሮ ምን እንደሆነ የማያውቅ የዚህ አገር ሰው የለም። ሴቶቹ በቅቤ ዕቁብ በተራ በተራ እየተሰጣጡ፣ ከራሳቸው አፍ ላይ ሳይቀር እየነጠቁ ለመስቀል ያጠራቀሙት ቅቤ ነው። አፉ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ በቃጫ ታስሯል። ቅቤ ሊጨመርበት ካልሆነ ከእርዱ ቀን በፊት አይፈታም፤ የከበረ እንግዳ ቢመጣም አይፈታም። እማማ እንኳን ራስ ምታት ሲያሰቃያቸው አናታቸው ላይ የሚያደርጉትን ቅቤ ከሌላ ቦታ ለምነው ነበር። አሁን ግን ቃጫውን ፈቱት። ከላይ ከላይ፣ የሰሞኑን ቅቤ፣ በሌባ ጣታቸው ዛቅ አድርገው የልጄን የአፍ ዳር ቀቡ።

ልጄ ወዲያው ላሰችው።

«እማማ፣ እንዳትልሰው ተብሏል» አልኩ።

ደግመው ቀቡ። ላሰች። ደግመው ቀቡ። «ትላስ» አሉኝ፣ «ማሰሮው አያልቅም።»

ዓመት ሙሉ የታሰረ ነገር ለአንዲት ልጅ አፍ ጥግ ሲፈታ፣ ፈቺዋ ደግሞ እጃቸው እንኳ ሳያመነታ፣ ቆሜ አየሁ። እንዲህ ዓይነቱን መስጠት የት እንደሚማሩት አላውቅም።

ሽማግሌው ከምሰሶው አጠገብ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ማሰሮው ከተፈታ ጀምሮ ተመልሶ እስኪታሰር ዓይናቸውን አልነቀሉበትም። ያለ ቀኑ በመፈታቱ የከፋቸው መሰለኝና ልጄን ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁ።

በማግስቱ እርዱ ተፈጸመ፣ ክትፎው ተከተፈ፣ ቅቤው ነጥሮ ፈሰሰበት። ቤቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላ። ከአዲስ አበባ የመጡት ዘመዶች ሌሊት ተነስተው የተጓዙ ስለነበሩ ርቧቸዋል፤ ሽታው ሁላችንንም ምራቅ ያስውጠናል። ሽማግሌው ተነስተው መረቁ። ምርቃታቸው እንደ ወትሮው አልረዘመም፤ ቃሉ ከንፈር ለከንፈር እየተጋጨ በዝግታ ወጣ። አሜን አልን። ከዚያ ተቀመጡና እጃቸውን ወደ ልጄ ዘረጉ።

ዘንድሮ አላለቀሰችም። እየተራመደች ሄዳ ፊታቸው ቆመች። እሳቸው በቆጮ የተጠቀለለ፣ ጡጫዋን የሚያክል ጉርሻ አዘጋጅተው ወደ አፏ አስጠጉ። ልጄ ከንፈሯን ገጠመች። እጁ እንደ ዐምናው አየር ላይ ቆመ። ባሌ ወለሉን ማየት ጀመረ። ላስረዳ ብዬ ስነሳ ልጄ ራሷ ከንፈሯን በጣቷ ጎተት አድርጋ አሳየቻቸው።

«አየህ አባባ? ሲከፈት ይቀደዳል።»

ሽማግሌው ጉርሻውን ኮባው ላይ መልሰው አስቀመጡት። ጎንበስ ብለው አፏን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ከዚያ ሚጥሚጣ ካልነካው፣ ለልጆች ከተለየው ክትፎ፣ ሽምብራ የምታክል ቆንጠር አደረጉ። እንሰት ሲፍቅና ሲቆፍር የኖረ፣ ጥፍሩ የወፈረ እጅ ነው። ያቺን ሽምብራ በሁለት ጣታቸው ጫፍ ይዘዋት ከንፈሯ ፊት አቆሟት።

«አፍሽን አትክፈቺ» አሉ። «እንደሚያፏጭ ሰው አድርጊ። እህ፣ እንደሱ። መንገዱ በመሀል በኩል ነው፤ ዳር ዳሩን አትንኪው። ስታኝኪ ቀስ በይ። አይዞሽ፣ አያምሽም።»

ገባላት። አኘከች። አላመማትም። ሌላ ሽምብራ። ሌላ። እሳቸው በየመሀሉ ያወሯታል፤ ወተት ስትጠጪ ቀና በይ ይሏታል፣ ማዛጋት ሲመጣብሽ ጉንጭሽን በመዳፍሽ ደግፊው ይሏታል። ከክረምት ወዲህ ይህን ያህል ሲናገሩ የሰማ አልነበረም። ጉርሻው በሽምብራ በሽምብራ እስኪያልቅ ክትፎው በረደ። ያ ሁሉ የራበው ሰው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቀ፤ ሕፃናቱ እንኳ አልተነጫነጩም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማላገኘው ጸጥታ ነበር። ያ ትልቅ እጅ እንዲያ ማነሱ እንባዬን አመጣው። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ይህን ሁሉ ከየት አወቁት?

ልጄ የመጨረሻዋን ከዋጠች በኋላም ከፊታቸው አልሄደችም። ፊታቸውን ከቅርብ ታየዋለች። ከዚያ ቅቤ የነካውን ጣቷን አነሳችና የአፋቸውን ዳር የሸፈነውን ጢም ገለጥ አደረገችው።

«አባባም አለው» አለች። ወደ እኛ ዞረች። «ይኸው። ከእኔ ይብሳል።»

አየን። ከጢሙ ሥር ሁለቱም ጥግ ቀልቶ፣ በጥልቀት ተሰንጥቆ ነበር፤ የሰሞኑ ቁስል አይደለም። ጥርሳቸው ካለቀ ወዲህ ከንፈራቸው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ጢማቸው ወርዶበት፣ ማንም አላየውም። ሽማግሌው ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ ፊታቸውን አዞሩ።

«ኧረ እኔ ልሙት!» አሉ እማማ። «እኔ እርጅና ነው እላለሁ! ስንት ዘመን ከአንድ ገበታ በልተን! ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? አፌን አመመኝ ብዬ?» አሉ ሽማግሌው። ቆየት ብለው ደግሞ ቀስ ብለው «ቅቤው ለመስቀል ነው» አሉ።

እማማ ጓዳ ገብተው ሳይነጥር የቀረውን ቅቤ ከነማሰሮው አመጡት። ሊቀቡ እጃቸውን ሲሰዱ ልጄ ቀደመቻቸውና ጣቷን እስከ አንጓዋ ነከረች። በግራ እጇ ጢማቸውን ገልጣ በቀኟ ቀባቻቸው፤ አንዱን ዳር፣ ከዚያ ሌላውን። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወዲያው ምላሳቸው ወጣ አለና ላሱት።

«ይላስ» አለች ልጄ፣ ልክ እንደ እማማ ወደ እኔ እያየች፤ «ማሰሮው አያልቅም።»

ሽማግሌው ሳቁ። ያ የጠፋው ሳቅ መጣ፤ መሀል ላይ ግን አቆሙና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ልጄ እስኪያልፍላቸው ጠበቀችና እንደገና ቀባቻቸው።