እንደ ተማሪ የተሰለፉ መጻሕፍት

ባለፈው ሳምንት ቤቴል ታክሲ መውረጃው አጠገብ አንድ ጫማ ሰፊ የተላቀቀ ሶል ኮላ ሲቀባ፣ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ መጣብኝና የቸኮልኩበትን ጉዳይ ረስቼ ከጎኑ ቆምኩ። ሰውየው ጫማ የማሰፋ መስሎት በርጩማ አቀረበልኝ። «አይ፣ ዝም ብዬ ነው» አልኩትና አፍሬ ሄድኩ። ኮላ በሸተተኝ ቁጥር ዓለም ባንክ ሰፈር ያለው ያ ባለ ሁለት ፎቅ የግል ትምህርት ቤት፣ ከደረጃው ሥር ያለችው ጠባብ ክፍል፣ ጣቴ ላይ ደርቆ እንደ ቆዳ የሚላጠው ኮላ፣ ዳይሬክተራችን ወይዘሮ ዘነበችም ሳይቀሩ ተከታትለው ይመጡብኛል።

እኔ እዚያ የኬጂ ሞግዚት ነበርኩ። ሞግዚት ማለት ሕፃናቱን ሽንት ቤት የምትወስድ፣ ንፍጥ የምትጠርግ፣ ምሳ ዕቃ የምትከፍት፣ የጫማ ክር የምታስር፣ መምህሯ ስልክ ስታወራ ደግሞ ክፍሉን የምትጠብቅ ናት። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ መምህራኑ እኔን ማማት ሲፈልጉ እፊቴ በእንግሊዝኛ ያወሩ ነበር። እንግሊዝኛቸው ለስምንተኛ ክፍል የሚከብድ እንዳልነበረ አንድም ቀን አልነገርኳቸውም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ተማሪ ነበርኩ። ዕድሜያቸውን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጨርሰው ጡረታ የወጡ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ የቤተ መጻሕፍት ሥራ ያስተምሩ ነበር። ማስታወቂያው አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ይላል። እኔ ሳልመዘገብ ከኋላ ተቀምጬ ሦስት ቅዳሜ ስጽፍ አዩኝና ደብተሬን ወስደው አገላበጡት፤ ከዚያ ወደ ፊት ወንበር አመለከቱኝ። የምስክር ወረቀት የሚሰጡት ተማሪው ያደራጀውን መደርደሪያ ራሳቸው ሄደው ካዩ በኋላ ነው። አንድ መጽሐፍ ይጠራሉ፤ አሥር እስኪቆጥሩ መምጣት አለበት። «ካልመጣ» ይላሉ፣ «ያ መደርደሪያ አይደለም፣ ጭነት ነው።» ወረቀቷን ከያዝኩ አንድ የሚያውቁት ኮሌጅ በረዳትነት ሊቀጥረኝ ተስማምቷል። ካልያዝኩ ዕድሜ ልኬን ንፍጥ።

ትምህርት ቤቱ ላይብረሪ የሚላት ያቺን ከደረጃው ሥር ያለች ክፍል ነው። ቁልፏ ወይዘሮ ዘነበች አንገት ላይ ይንጠለጠላል፤ ልጆች እንዳይገቡ ነው፣ መጽሐፍ ያቆሽሻሉ። መጽሐፍ ሳይነበብ ንጹሕ ሆኖ እንዲኖር እንደ እሳቸው የደከመ ሰው አላውቅም። ላደራጅልዎ ብዬ ለመጠየቅ አንድ ወር ፈጀብኝ። ሲፈቅዱልኝ ልጆቹ ከተሸኙ በኋላ እየቆየሁ መጽሐፎቹን በየዓይነታቸው ለየሁ፣ ቁጥር ጻፍኩላቸው፣ ቁጥሩን ጀርባቸው ላይ በኮላ ለጠፍኩ። ጋሽ ደምሴም ሐሙስ ጠዋት እንደሚመጡ ነገሩኝ።

ሐሙስ ጠዋት ግን ከክፍለ ከተማ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ ተባለና ግቢው ታመሰ። ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ የከረመው የመምህራን ሽንት ቤት ለልጆቹ ተከፈተ፣ ሳሙናም ተቀመጠለት። የላስቲክ አበቦች ከካርቶን ወጡ። ሕፃናቱ «ምን ትወዳላችሁ?» ሲባሉ «ማንበብ!» ብለው እንዲጮኹ ሲለማመዱ አረፈዱ፤ ከመካከላቸው ያቺን ክፍል ከውስጥ ያያት አንድም አልነበረም።

ስምንት ልጆች ሽንት ቤት አድርሼ ስመለስ የላይብረሪው በር ተከፍቷል። ወይዘሮ ዘነበችና ሚስ ሰላም የምትባለው የኬጂ መምህርት መጽሐፎቼን በሙሉ አውርደው በቁመት እየደረደሩ ነበር።

«ወይዘሮ ዘነበች፣ ቁጥሩ እኮ...» አልኩ።

«የምን ቁጥር?»

«ጀርባው ላይ ያለው...»

«አንቺ፣ ሰልፍ አይተሽ አታውቂም እንዴ? አጭር ከፊት፣ ረጅም ከኋላ!»

«እትዬ ዘኒ፣ ሆቴል አስመሰሉት እኮ!» አለች ሚስ ሰላም፣ በስልኳ ፎቶ እያነሳች።

በየመደርደሪያው ሁለት ረድፍ ሠርተው አጫጭሮቹን ከፊት አቁመዋል፤ ከኋላ ያሉትን ለማውጣት የፊተኞቹን ማፍረስ ያስፈልጋል። ሃያ ዓመት ልጆችን በቁመት እያሰለፉ ባንዲራ ሲያሰቅሉ የኖሩ ሴትዮ፣ በዓለም ላይ ሌላ ዓይነት ሥርዓት ይኖራል ብለው አልጠረጠሩም።

ጋሽ ደምሴ ያን ጊዜ ደረሱ። ኮትና ከረባት ስላደረጉ የበሩ ዘበኛ ተቆጣጣሪ መስለውት ሮጦ ለወይዘሮ ዘነበች ተናገረ። እሳቸውም እስከ በሩ ወጥተው፣ ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጧቸው። «እንኳን ደህና መጡልን ጌታዬ! ከላይብረሪያችን እንጀምር?» ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ተከተሏቸው። ክፍሏ ውስጥ ቆመው መደርደሪያውን ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ስለ ዝሆን የሚያወራ መጽሐፍ አለ?» አሉ። «አንድ። ሁለት...»

ወይዘሮ ዘነበች እጃቸውን ሲሰዱ የፊተኛው ሰልፍ ተዘርግፎ እግራቸው ላይ ወደቀ። ሚስ ሰላም ለመልቀም ስትንበረከክ የላስቲክ አበባው ተከተለ። «አሥር» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ከዚያም ወደ እኔ ዞሩ። «አስቴር፣ ይኼ ያንቺ ሥራ ነው?»

«እሷ ሞግዚት ናት ጌታዬ» አሉ ወይዘሮ ዘነበች ሳቅ ብለው። «የሷ ሥራ ሽንት ቤት ነው።»

«እኔ ጌታዎ አይደለሁም፤ አስተማሪዋ ነኝ። የእሷን ሥራ ለማየት ነው የመጣሁት።»

የወይዘሮ ዘነበችን ፊት ዛሬም አስታውሼ ደስ ይለኛል፤ ይቅር ይበለኝ። እኔ ግን ተንበረከክሁና የወደቁትን ማንሳት ጀመርኩ። ከዚያ የቆሙትንም አወረድኩና ሁሉንም በቁጥራቸው መመለስ ቀጠልኩ። ጋሽ ደምሴ የኬጂ ወንበር ስበው፣ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ትንሽ ቀርቶት፣ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ወይዘሮ ዘነበች እንዳይጮኹ እውነተኞቹ ተቆጣጣሪዎች ግቢ ገብተዋል። «ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ!» ብለው በጆሮዬ አንሾካሹከው፣ ፈገግታቸውን አስተካክለው ወጡ። ተቆጣጣሪዎቹ በበሩ ብቅ ብለው ጥሩ ነው ጥሩ ነው አሉና ወደተዘጋጀላቸው ለስላሳ መጠጥ አለፉ።

በእረፍት ሰዓት ልጆቹ በተከፈተው በር ተጋፉ። ሶስና የምትባል አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ገብታ ወለሉ ላይ ከእኔ አጠገብ ተቀመጠች፣ የዝሆኑንም መጽሐፍ ከፊቷ አገኘችው። እየደረደርኩ ሁለት ገጽ አነበብኩላት። ከዚያ ጋሽ ደምሴ ስለ ዝናብ የሚያስረዳ መጽሐፍ ጠሩና መቁጠር ጀመሩ፤ ሰባት ላይ እጃቸው ገባ። ወረቀቷን በጉልበታቸው ላይ ፈረሙልኝ። እኛ ወጥተን ሳንጨርስ ሚስ ሰላም የዝሆኑን መጽሐፍ ከሶስና እጅ ተቀብላ በቁመቱ ቦታ ፈለገችለት። ክፍሏም ተቆለፈች።

ዛሬ በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት የራሴ ጠረጴዛ አለኝ። አብዛኛው ተማሪ የሚመጣው ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ነው፤ ቀሪው ይተኛል። ቁጥሮቼን የሚያፈርስ የለም፤ መጽሐፍ የሚያወጣ ስለሌለ። ወለል ላይ አጠገቤ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ገጽ የሚጠብቅ ሰው ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ያን ቀን ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ ሶስና በሩ ላይ ጠበቀችኝ። እዚያ ግቢ ሚስ ብለው የሚጠሩኝ ሕፃናቱ ብቻ ነበሩ።

«ሚስ፣ ነገ ትጨርሺልኛለሽ?»

«አዎ» አልኳት። በዚያ ሁሉ ውሸት መካከል የሰው ሁሉ ውሸት ተቆጣጣሪ ለማታለል ነበር፤ የእኔ ግን እሷን። አምናኝ እየዘለለች ወደ ክፍሏ ሄደች።