ወደ ቴፒ የደወልኳቸው ሦስት ስልኮች

ሰርግ ስጠራ ድንኳኑ ጥግ እቀመጥና ይህ ትዳር ስንት ዓመት እንደሚቆይ እገምታለሁ። ብዙ ጊዜ አልሳሳትም። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ሚዛን ተፈሪ ላይ በሬዲዮ ዘጋቢነት ስሠራ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ ወላጆቼም አርፈዋል። የምኖረው ከሚዛን ጋር በተያያዘው አማን ውስጥ፣ ጨርቃ ጨርቅ በሚሸጡ አንዲት አሮጊት ግቢ ተከራይቼ ነው። የወልቂጤ ሰው ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። ከሰርግ በተመለስኩ ቁጥር፣ «ዛሬስ ስንት ዓመት ፈረድሽባቸው?» ይሉኛል።

«አራት» እላለሁ።

«አንቺን የሚያገባ ሰው ጠበቃ ይዞ ይምጣ።»

ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ። ከሰርግ ስመለስ በሰው ደጃፍ የተደረደሩ የልጆች ጫማዎችን ቆሜ እንደማይ ግን ነግሬያቸው አላውቅም።

ሰውየውን ያገኘሁት ለሥራ ቴፒ ሄጄ ነው። የአንድ የገበሬዎች ማኅበር ቡና መፈልፈያ ኃላፊ ነበር። ገበሬው ቀይ እሸቱን በለቀመበት ቀን ያመጣለታል፤ እሱ ተረክቦ ያስፈለፍላል፣ ያሳጥባል፣ በሽቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ ያሰጣል። ዘገባዬ በተላለፈ ማግስት ደወለልኝ። ሰው የሚደውልልኝ ወይ ሊያመሰግነኝ ወይ ሊሰድበኝ ነው። እሱ፣ «አንድ ነገር ስተሻል፤ ቡናው አልጋ ላይ የሚቆየው ሁለት ቀን ሳይሆን ከሳምንት በላይ ነው» አለኝ። ልክ ነበር። ቁጣም ሽንገላም የሌለበት እርማት ከዚያ በፊት የሰማሁ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲያ ሚዛን በመጣ ቁጥር በክር የተሰካ ኮረሪማ ይዞልኝ ይመጣ ጀመር። ሚስቱ ታማ ማጂ ወላጆቿ ዘንድ እንደሄደች፣ ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው ሞታ እንደተቀበረች፣ አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ልጅ እንዳለችው ነገረኝ። ለቀማው በተጀመረ ሰሞን ሽማግሌ ላከ።

ሦስት ሽማግሌዎች እሁድ ጠዋት ከቴፒ መጡ። ወላጅ ስለሌለኝ እማማን ነው ወላጅ ያደረጓቸው። ተቀመጡ ሲባሉ፣ የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም ብለው ቆሙ። እማማ እንደ ወጉ የዚያኑ ዕለት መልስ አልሰጡም፤ «ዘመድ እናማክር፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» አሏቸው።

ቀጠሮው ለምን እንደሚሰጥ ሁሉም ያውቃል። የሴቷ ወገን ስለ ሰውየው በጎን የሚጠይቅበት ጊዜ ነው። አጎት ገበያ መሐል ወሬ ያነሳሳል፤ አክስት ለቅሶ ቤት አጠገቧ ከተቀመጠችው ጋር ትጨዋወታለች። ማን ማንን እንደጠየቀ ሳይታወቅ ነገሩ ተሰብስቦ ቤት ይገባል። እኔ አጎትም አክስትም አልነበረኝም። የነበረኝ ስልክና የሥራ ልማድ ነው።

በሥራዬ፣ በሌላ ከተማ በሕይወት ያለች ሚስታቸውን ሞተች የሚሉ ወንዶች አጋጥመውኛል። ስለዚህ ቢሮዬ ተቀምጬ ቴፒ ላሉ ሦስት ሰዎች ደወልኩ፤ ለአንድ የዕድር ጸሐፊ፣ ለአንድ የቀበሌ ሠራተኛ፣ ቀድሞ አብሮት ይሠራ ለነበረ ሰው። ስሜን ስናገር አፌ እንደለመደው የሬዲዮ ጣቢያውን አስከተለ። ሚስቱ በእውነት ሞታለች? ክስ አለበት? ይጠጣል? ከማኅበሩ ጋር ተጣልቶ ያውቃል?

የቀበሌው ሠራተኛ፣ «ለዘገባ ነው?» አለኝ።

ለትዳር ነው ማለት ነበረብኝ። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ለማላውቀው ሰው ለመናገር አፈርኩ። «ለጊዜው ለመረጃ ያህል ነው» አልኩት።

ሦስቱም የነገሩኝ አንድ ነው። ሚስቱ ሞታለች፤ እንዲያውም የዕድሩ ጸሐፊ ማጂ ድረስ ሄዶ ቀብሯ ላይ ቆሟል። ክስ የለበትም። አይጠጣም። ማስታወሻዬን ዘግቼ ገበያ ወረድኩና ለአንድ ሰው የማይሆን ትልቅ ድስት ገዛሁ።

ከስምንት ቀን በኋላ ሰውየው ደወለ። ድምፁ ደክሟል። «አንዲት ጋዜጠኛ እያጣራችብኝ ነው ይላሉ፤ ስሟን የሚነግረኝ ግን የለም። ገበሬው ፈርቶ እሸቱን ለነጋዴ እየሰጠ ነው። ትናንት አንድም ሰው አልመጣም።»

በእኛ አገር ጋዜጠኛ ስለ ቡና ሰው ከጠየቀች ሰውየው ነገር አለበት ማለት ነው። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ስደውል ግን አላሰብኩትም።

«አንቺ የሙያው ሰው ነሽ። ማን እንደሆነች ትጠይቂልኛለሽ?» አለኝ።

«እጠይቃለሁ» አልኩ።

ስልኮቹ ስህተት ነበሩ። ይህ ግን ውሸት ነው፤ እስካሁን የሚከነክነኝም እሱ ነው።

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ቴፒ ሄድኩ። መፈልፈያው ቆሟል፤ ሠራተኞቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያወራሉ። እሱ የመጋዘኑን ደጅ ይጠርጋል። «ጋዜጠኛዋ እኔ ነኝ» አልኩት። ለምን እንደደወልኩ፣ ምን ምን እንደጠየቅሁ በቅደም ተከተል ነገርኩት። ስጨርስ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና፣ «ለእኔ የነገርሽኝን ለገበሬዎቹ ንገሪ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ሃያ የሚሆኑ ገበሬዎች ተጠርተው መጡ። ለብዙ ሺህ ሰው ዜና አንብቤአለሁ፤ በእነዚያ ሃያ ሰዎች ፊት ግን የቆምኩት ያለ ወረቀት ነው።

«ሦስት ሰው የጠየቅሁት ለዘገባ አይደለም። ሊያገባኝ ሽማግሌ ስለላከ ነው። ምንም ጥፋት አላገኘሁበትም።»

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት፣ «ሦስት ሰው ጠይቀሽ ምንም?» አሉ።

«ምንም።»

«እኔን ብትጠይቂኝ ኖሮ፣ ሲያንኮራፋ ከመንገድ ማዶ እንደሚሰማ እነግርሽ ነበር።»

ሰዉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ሁለት ሴቶች እሸታቸውን ተሸክመው መጡ።

ልሰናበተው ስል፣ «የቡናው ነገር ይስተካከላል» አለኝ። «ልጄ ግን እናቷ በእውነት ሞታ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው መኖሩን ሰምታለች። ቀብሩን አላየችም፤ ትንሽ ናት ብዬ ጎረቤት ትቻት ነበር የሄድኩት። አሁን ከትምህርት ቤት በመጣች ቁጥር ማጂ መቼ እንሄዳለን ትለኛለች።»

ስለ ክስ ጠይቄአለሁ፣ ስለ መጠጥ ጠይቄአለሁ። ስለ ልጅቱ ለአንዱም ሰው አንድ ጥያቄ አላነሳሁም። ስሟን እንኳ ሳልጠይቀው የነገረኝ እሱ ነው።

ቤቱ ቅርብ ነበር። ልጅቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራ ትሠራለች። አባቷ ማን እንደሆንኩ ነገራት።

«እርስዎ ነዎት የደወሉት?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን ጠየቁ?»

«አባትሽን ስላላመንኩት።»

«አሁንስ?»

«አሁን አምኜዋለሁ።»

እርሳሷን በጣቶቿ መሐል ታዞራለች። «ግን ስትቀበር ያየ ሰው አለ?»

«አለ። አጠገቡ ቆሞ ያየ ሰው ነግሮኛል። እናትሽ ሞታለች።»

የሞት ዜና ማንበብ ሥራዬ ነው። ዓይን ዓይኔን እያየ ለሚጠብቀኝ ልጅ ግን ነግሬ አላውቅም ነበር፤ ያውም የቆየ መርዶን እንደ አዲስ። አላለቀሰችም። ደብተሯን አነሳችና ወደ ውስጥ ገባች።

አባቷ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል፣ «እሁድ ቀጠሮ ነው» አለ። «ልጄን ሳልጠይቅ ሽማግሌ አልክም።»

«ጠይቃት» አልኩት። ሌላም መናገር ፈልጌ ነበር፤ በሩ ተዘጋ።

እሁድ እማማ በጠዋት ተነስተው ግቢውን አስጠረጉ፣ ሦስት ወንበር አወጡ፣ አዲስ ነጠላቸውን ለበሱ። እኔም ፀጉሬን ተሠርቼ ነበር። ረፋዱ አለፈ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እማማ በሩን አንድ ጊዜ አዩና ነጠላቸውን አወለቁ።

«ሌሊቱን ዘንቧል» አሉኝ። «መንገዱ ተበላሽቶ ይሆናል።»

ጠዋት መናኸሪያ ደውዬ ነበር። ከቴፒ የሚመጡት መኪኖች እንደወትሮው እየገቡ ነው ብለውኛል።

«ይሆናል፣ እማማ» አልኩ።