ኮምፒውተሩን ያፈጠንኩበት ሳምንት

ልጄ ጅቡቲ ሰው ቤት ትሠራ በነበረ ጊዜ የምንነጋገረው በኮምፒውተር ነበር። ኮምፒውተሩን ትታልኝ የሄደችው እሷው ናት። አዋሽ ሰባት ሳለን የኮምፒውተር ጽሕፈት ተማረችና፣ ሰመራ ቢሮ ይበዛል፣ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው አይጠፋም ብላ ይዛኝ መጣች። ዓመት ሳይሞላን ሥራው ቀዘቀዘ። አንድ ቀን በደጃችን ከሚያልፉት ከባድ መኪናዎች በአንዱ ተሳፍራ በሰርዶ በኩል ሄደች።

አርብ አርብ ቀን ማዳሟ ከነቤተሰቧ ዘመድ ጥየቃ ትወጣለች። የስልኩ ሒሳብ ስለማይቀመስ ያኔ ልጄ ሚስኮል ብቻ ታደርግልኛለች። «ክፈቺ» ማለቷ ነው። መልሼ እንዳልደውል አስጠንቅቃኛለች፤ ስልክ እንዳላት ማዳሟ አታውቅም። ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ፣ እሱ ሲነሳ በኢንተርኔት የምናወራበት መደወያ አብሮ ይነሳል፣ ይጠራል፣ አረንጓዴዋን እጫናለሁ። ከኮምፒውተር የማውቀው ይህንኑ ነበር።

ችግሩ አነሳሱ ነው። ያቺ ክብ ነገር በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ያለን ግማሽ ሰዓት ነው፤ እኩሌታውን እሱ ይበላዋል። አስቀድሜ ከፍቼ እንዳልጠብቅ፣ በዚያ ሙቀት ተቃጥሎ ቤቱን ያነደዋል ብዬ እፈራለሁ። ሶኬቱን ሳልነቅል ከቤት ወጥቼ አላውቅም።

አንድ አርብ ማዳሟ ልትመለስ ጥቂት ሲቀራት ተገናኘን።

«እማ፣ የማዳም እህት ባሕር ማዶ ልውሰድሽ እያለችኝ ነው። ደመወዙ ይሻላል። እኔ እንጃ፣ ፈራሁ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ልቤ «ነይ፣ ተመለሺ» አለ። አፌ ግን «እስኪ ላስብበት» አለ። ሁልጊዜም እንዲህ ነኝ፤ ውሃ እንኳ ሁለት ጊዜ ሳላየው አልጠጣም።

«እንግዲያው ለአርብ። አርብ መልስ ስጪ ብለውኛል። ያ ኮምፒውተርሽ ግን እስኪነሳ እኔ አርጅቼ እሞታለሁ!» ብላ ሳቀች።

ሳቋ ሳይቋረጥ አስቤ ጨርሼ ነበር። አርብ ስንገናኝ «ነይ» ልላት ነው። የቀረኝ ኮምፒውተሩን ማፍጠን ብቻ ነው።

ከቢሮዎቹ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት የነበረው አንድ የወሎ ሰው ጎረቤቴ ነበር። ሰኞ ለመንኩትና መጥቶ አየው።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ ጡረታ ነው የሚያስፈልገው።»

«ልጄን እስካናግር ብቻ።»

«ኢንሻአላህ፣ እንደ ጎረምሳ እናስሮጠዋለን።»

ማፍጠኛ የሚባል ፕሮግራም ጫነልኝ። ማፍጠኛው ራሱ ከኮምፒውተሩ ጋር እየተነሳ፣ ይህን ግዙኝ ያን ግዙኝ እያለ ጭራሽ ባሰበት። «ሊያግዝ መጥቶ ምሳ የሚበላ ዘመድ ሆነብን» አለና አጠፋው። ረቡዕ ማጽጃ ይዞ መጣ። ጽዳት ሲባል እኔም ደስ አለኝ፤ ቆሻሻውን ቆጥሮ ቆጥሮ ጠረገ፣ ክቧ ግን እንደ ወትሮዋ ዞረች። ሐሙስ ሦስተኛውን ጫነና አንድ ረጅም ዝርዝር አሳየኝ።

«እነዚህ ሁሉ እሱ ሲነሳ አብረውት የሚነሱ ናቸው። አባወራ ተነሳ ተብሎ ቤተሰቡ ሁሉ መንጫጫት አለበት? የሚያውቁትን ይተዉት፣ የማያውቁትን ያስተኙት።» እንዴት እንደሚጠፉ ሁለቱን አጥፍቶ አሳየኝና ደንበኛ ስለጠራው ሮጠ።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ እለያለሁ፤ ሲቀጣጠል አይገባኝም። መደወያውን የማውቀው በሥዕሉና በቀለሙ ነበር። ዝርዝሩ ላይ ደግሞ ሥዕል የለም፣ ፊደል ብቻ። የማውቀው አንድም አጣሁ። ሁሉንም አስተኛኋቸው። ዘግቼ ስከፍተው አንድ ጣሳ ውሃ ጠጥቼ ሳልጨርስ ተነሳ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

አርብ ሚስኮሉ መጣ። ከፈትኩ፤ ወዲያው ተነሳ። ነጠላዬን አስተካክዬ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። አልጠራም። ሁለተኛ ሚስኮል መጣ። «ከፍቻለሁ እኮ!» አልኩት መስኮቱን። ሦስተኛ መጣ። ዘጋሁት፣ መልሼ ከፈትኩት፤ ቶሎ ተነሳ፣ ዝም አለ። ወደ ጎረቤቴ ሮጥኩ፤ ጁምዓ ሄዷል፣ ሱቁ ዝግ ነው። ከዚያው ዕቃ ሊያመጣ አሳይታ እንደሚወርድ ነገሩኝ። ስመለስ ስልኬ ላይ ቁጥሯን አውጥቼ አውራ ጣቴን የጥሪው ቁልፍ ላይ አሳረፍኩ። ማዳሟ እጅ ላይ ቢጠራስ? አልተጫንኩትም። አራተኛ ሚስኮል መጣ። ከዚያ በኋላ ስልኩም ዝም አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤቴ መጥቶ ዝርዝሩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «እትዬ፣ መደወያውንም አስተኝተውታል እኮ።» ቀሰቀሰው። የጽሑፍ መልእክት ተራ በተራ ወረደ። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ስለጻፈችው ያነበበልኝ እሱ ነው።

«እማ የት ነሽ። እማ ክፈቺ። እማ የሚወስዱኝ ሰዎች መጥተዋል። ዝም ካልሽ ሂጂ ማለትሽ ነው። እሺ ብያቸዋለሁ፣ ማምሻውን እንሄዳለን።»

ያ ቀልደኛ ሰው፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጥዬዎት ባልሄድ» አለ። እኔ ስልኬን አንስቼ ሰባት ጊዜ ደወልኩላት፤ ያን ጊዜ ማንንም አልፈራሁም። ስልኳ ተዘግቷል።

ከአራት ወር በኋላ ከባሕር ማዶ ደወለች። ድምጿ ቀጥኗል። ደህና ነኝ ትላለች፣ ከዚያ ሌላ አትነግረኝም። ወረቀቷን ይዘውባታል፤ ውሉ እስኪያልቅ መመለስ የለም።

በቀደም ግን ድንገት ጠየቀችኝ። «እማ፣ ያን አርብ ብንገናኝ ኖሮ ምን ልትዪኝ ነበር?»

ነይ ልልሽ ነበር ብላት፣ የቀራትን ጊዜ ሁሉ ይህን እያሰበች እንደምትኖር አወቅሁ። ይህን የሚያስብ አንድ ሰው ይበቃል ብዬ «እንደ ወደድሽ አድርጊ ልልሽ ነበር» አልኳት።

«ነይ የምትዪኝ መስሎኝ ነበር» አለች።