የአምስት ልጆች እናት

እናቴ በተቀበረች ዕለት፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ በሕዝብ ፊት ወንድሜ ላይ ጮኼበታለሁ። ነውር ነው ያሉኝ አሉ። ይበሉ! ዛሬም ቢሆን እጮኽበታለሁ።

እናታችን በሰፈራ ከደጋ ወደ ጋምቤላ፣ አቦቦ ስትመጣ ገና ሙሽራ ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን እዚያ ወልዳ፣ ክርስትና ሳታስነሳ በወባ አጣች። ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን አይቀበርም ተብሎ፣ ከአባቴ ጋር ሆነው አልዌሮ ወንዝ ዳር ዛፍ ሥር ቀበሩ። ኋላ ወንዙ ሲገደብ ዛፉም ቦታውም ውሃ ገባባቸው። እኛ አራታችን የተወለድነው ከዚያ በኋላ ነው። አባታችንም እኛ ነፍስ ሳናውቅ ሞተ።

"ስንት ልጅ አለሽ?" ሲሏት እናቴ "አምስት" ነበር የምትለው። የግድቡን ዓሣ በአፏ አዙራ አታውቅም፤ ጋምቤላ እየኖሩ ዓሣ አለመብላት ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ጾም እየመሰለን እንስቅባት ነበር። አንድ ቀን ግን "የበኩር ልጄን የት ትቼ እንደመጣሁ ረስታችሁ ነው?" ብላ ቆጣ አለችና ሳቃችን አለቀ።

የሕይወት ታሪኳን የመጻፍ ነገር ለታናሽ ወንድሜ ተሰጠ። ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ተምሮ አሁን እዚሁ ጋምቤላ ከተማ ያስተምራል። ጠዋት ለቅሶው ድንኳን ውስጥ የጻፈውን አነበበልኝ። "የአራት ልጆች እናት" ይላል።

"አምስት በል" አልኩት።

"እትዬ፣ በምን እናረጋግጣለን? ያየ ሰው የለም፣ መቃብሩም የለም። ማንም ሊደርስበት የማይችል ነገር እውነትም ሐሰትም አይባልም።"

"እንዴ! እናትህ ዋሸች ነው የምትለኝ?"

"አላልኩም። ዋሸችም፣ አልዋሸችምም ማለት አይቻልም ነው የምለው።"

ደሜ ፈላ። ዋሸች ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ውሸት ከሆነ ውሸት ነው፣ በቃ። እሱ ግን ልጁን ነበረም አልነበረምም ሳይል አየር ላይ ሊያንጠለጥልብኝ ነው።

ከእናቴ ጋር ከአቦቦ ጀምሮ የኖሩ አንዲት የአኙዋ ጎረቤታችን ከጎናችን ተቀምጠው ነበር። ወንድሜ ዞር ብሎ ጠየቃቸው።

"እኔ አላየሁም" አሉ እውነታቸውን። "ያን ጊዜ እኔ ሌላ ቦታ። ልጅ ነበረ፣ አልነበረም፣ እኔ አላውቅም።"

ወንድሜ አየሽ አይደል በሚል ዓይን አየኝ። ምን አየሁ? እሳቸው አለማወቃቸውን ነው ያየሁት!

እኔ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ እመዝናለሁ። "ስማ" አልኩት፣ "ሚዛናችን የተበላሸ ቀን የማንም ሻንጣ ስንት ኪሎ እንደሆነ አላውቅም። ታዲያ ሻንጣው ክብደት የለውም?"

"ሚዛኑ ይጠገናላ!"

"ባይጠገንስ? እስከ ዘላለም ባይጠገንስ?"

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ያስተካክለዋል ብዬ ነበር፤ ሞኝ ነኝ።

ግቢው ውስጥ ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ እንደቆመ ወንድሜ ማንበብ ጀመረ። የትውልድ አገሯን አነበበ፣ ወደ አቦቦ መምጣቷን አነበበ። ከዚያ "የአራት ልጆች እናት የነበረችው..." ሲል ሴቶቹ መሐል ሆኜ "አምስት!" ብዬ ጮኽኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝና "አራት" ብሎ ደገመ። እኔም "አምስት!" ብዬ ደገምኩ። ቄሱ ጣልቃ ገብተው ይቀጥል ባይሉ ኖሮ እስኪመሽ እንደግመው ነበር።

ማምሻውን፣ ለቀስተኛው ሲሳሳ ወንድሜ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ፊቴን አዞርኩበት። እናቴን አንድ ጊዜ ቀብሬያታለሁ፤ ልጇን ደግሞ ሁለተኛ አልቀብርም ብዬ ቆርጫለሁ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"እትዬ... ወንድ ነበር ሴት?" አለኝ።

እናቴ ነግራኝ አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። አሁን ይህን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም።

"አላውቅም" አልኩት። "ግን ወይ ወንድም ነበረን፣ ወይ እህት ነበረችን።"